ክሴ የተለወጠበት ሐሙስ

ፍርድ ቤት ቆሜ «ይህች ሴት ሌባ አይደለችም» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የተናገረውም የከሰሰኝ ዐቃቤ ሕግ ራሱ ነው። ደስታዬ ግን አንዲት ትንፋሽ ያህል እንኳ አልቆየም፤ ሰውየው ንግግሩን ገና አልጨረሰም ነበር። ያን ቀን የሆነውን ለብዙ ሰው በቁንጽል አውርቼዋለሁ። ዛሬ ሙሉውን ልጻፈውና እናንተም አንብባችሁ ፍረዱ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ጎጃም፣ ከአባይ ወዲያ ነው። ባለቤቴ ሰበታ ከሚገኝ አንድ ፋብሪካ ሥራ ሲያገኝ ተከትዬው መጣሁ። እሱ በሳንባ በሽታ ገና በወጣትነቱ ሞተብኝ። አገሬ እንዳልመለስ ወላጆቼ አርፈዋል፤ እዚህ እንዳልቀር ዘመድ የለኝም። እንዲህ ግራ ገብቶኝ ሳለ ነው እትዬ አስካለ የሚባሉ ባለ መሬት እመቤት ከግቢያቸው አንዲት ክፍል ሰጥተው ያስጠጉኝ። እሳቸውም ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ነበሩ። ቤታቸውን እይዝላቸዋለሁ፤ በተረፈኝ ጊዜ ጥጥ እፈትላለሁ። ጠባዬ ጥንቃቄ ይበዛበታል። በር ቆልፌ ትንሽ ከራቅሁ በኋላ ተመልሼ ቁልፉን ካልነካሁ አይሆንልኝም። እትዬ አስካለ «አንቺ የሺ፣ በሩን ተይውና ጸሎትሽን እንኳ ሁለቴ ነው የምትቆልፊው» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

በጥቅምት ታመሙ። የወንድማቸው ልጅ አቶ ጌታሁን አዲስ አበባ ሆስፒታል ሊወስዳቸው ቮልስ መኪናውን ይዞ መጣና አስፋልቱ ዳር አቆመ። እትዬ አስካለ ከቤት እስከ መንገዱ የሚሄዱበት ጉልበት ስላልነበራቸው ኦቦ ቱሉ ደገፏቸው። ኦቦ ቱሉ ከፉሪ በኩል ባለው ተዳፋት ላይ የእትዬን መሬት የሚያርሱ ጭሰኛ ናቸው፤ በዕድሜ የገፉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል የሚያውቁ ክርስቲያን።

ደጃፉ ላይ ስንደርስ እትዬ አስካለ ቆሙና እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ። ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ ያልተለያቸውን የወርቅ ድሪ አውልቀው መዳፌ ላይ አኖሩት።

«ቱሉ፣ አንተ እይ። በገዛ እጄ ነው የሰጠኋት።»

«ኤዬ፣ አየሁ እትዬ።»

ኦቦ ቱሉ ብርድ ልብሱን ሊያመጡ ወደ ውስጥ ሲመለሱ እትዬ አስካለ ነጠላዬን ይዘው አስጠጉኝ። «ከዳንሁ መልሼ አጠልቀዋለሁ። ካልተመለስሁ ግን ለኪዳነ ምሕረት ነው። ስለቴ ነው። በየካቲት፣ በንግሥዋ ዕለት አግቢልኝ። እስከዚያች ዕለት ድረስ ለሰው ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ወገኖቼ ከሰሙ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አይደርስም። በስሟ ማይልኝ።»

ማልሁላቸው። ኦቦ ቱሉም እየደገፏቸው አብረው በመኪናው ሄዱ። በኅዳር አስከሬናቸው መጣ።

ሐዘኑ በረድ ሲል አቶ ጌታሁን ሣጥኖቹን ከፈተ። ድሪው የለም።

«የሺእመቤት፣ የአክስቴ ወርቅ የት ነው?»

«አልሰረቅሁም፣ አቶ ጌታሁን።»

«ሰረቅሽ መች አልሁ? የት ነው ነው ያልሁሽ።»

«እስከ የካቲት ይታገሱኝ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም እነግርዎታለሁ።»

ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን አላማረኝም። «እስከ የካቲት? ገዢ እስክታገኚለት ነው?»

ሁለት ጊዜ ደግሞ መልሶ ጠየቀኝ፤ ቆይቶ ቆይቶ፣ የካቲት ከገባ በኋላ ፖሊስ ይዞ መጣ። ክፍሌን ፈተሹ። መደቡን ቆፈሩ፣ ፍራሼን ቀደዱ፣ የጸሎት መጽሐፌን አራገፉ። ድሪው ግን ፈትዬ የጠቀለልሁት ልቃቂት ውስጥ ነበር። ወርቁን መካከል አድርጌ፣ ክሩን ስጠቀልልበት ስጠቀልልበት የብርቱካን መጠን አሳክዬዋለሁ። አንዱ ፖሊስ በጫማው ገፋ አደረገውና አለፈ። ወደ ጣቢያ ሲወስዱኝ «ጥጤን ልያዝ?» ብዬ ጠየቅሁ። «እንዝርትሽንም ያዢ፣ ሥራ አትፈቺ» ብለው ሳቁ። እንግዲህ እኔ ታስሬ በከረምሁባቸው ቀኖች ሁሉ፣ ሲፈለግ የነበረው ወርቅ በጥጥ ሙዳዬ ውስጥ ከእኔው ጋር ታስሮ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ፍርድ ቤት አቀረቡኝ። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ረጅም ክፍል ነው። በጅማ መንገድ የሚያልፉት የጭነት መኪናዎች መስኮቱን ያንቀጠቅጡታል፣ አቧራው በስንጥቁ ይገባል። ዳኞቹ ሦስት ናቸው፤ የመካከለኛው መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ፣ የግራው ደግሞ ሰዓቱን ቶሎ ቶሎ የሚያይ ሰው። ጠበቃ የለኝም። ሙዳዬን በሁለት እጄ እንደያዝሁ ቆምሁ።

ክሱ ተነበበ፤ ስርቆት። እመቤቷ በሞት አፋፍ ላይ ሳሉ፣ በቤት ውስጥ ያላትን መግቢያና መውጫ ተጠቅማ ወርቃቸውን ሰርቃለች። አቶ ጌታሁን መሰከረ። አልዋሸም፤ የሚያውቀውን ነው የተናገረው። ድሪው ነበረ፣ አሁን የለም፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

«ምስክር አለሽ?» አሉኝ መካከለኛው ዳኛ።

«አለኝ ጌታዬ። ኦቦ ቱሉ።»

ኦቦ ቱሉ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቀረቡ። አስተርጓሚ ይፈልጉ እንደሆነ ተጠየቁ። «ላኪ፣ አያስፈልግም፤ አማርኛ እችላለሁ» አሉና የምላቸውን ጠበቁ።

«ኦቦ ቱሉ፣ ድሪውን እኔ ነኝ የወሰድሁት ወይስ እትዬ አስካለ ናቸው የሰጡኝ?»

«እትዬ ናቸው። በእጃቸው ከአንገታቸው አውልቀው ሰጡሽ። እኔን 'እይ' አሉኝ፤ አየሁ።»

መካከለኛው ዳኛ ጻፉና ቀና አሉ። «ሌላ የምታውቀው ነገር አለ?»

ኦቦ ቱሉ ወደ እኔ አዩ፣ ምስክር ሊሆኑ ወደ ማሉበት መስቀል አዩ። «ዛሬ የለም» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ዐቃቤ ሕጉ «የነገ ምስክር ነህ እንዴ?» አላቸው። እሳቸው አልሳቁም። እኔም በሆዴ፣ ምነው ሽማግሌው እንዲህ ያለ የሚያስቅ ነገር ባይናገሩ አልሁ።

«የምትናገሪው ካለሽ ተናገሪ» ተባልሁ።

እስከዚያ ድረስ አፍሬ አቀርቅሬ ነበር፤ ያን ጊዜ ቀና አልሁ። «ጌቶቼ፣ እኔ ሌባ አይደለሁም። ድሪው የተሰጠኝ በአደራ ነው። እትዬ አስካለ አምነው፣ ሰው አቁመው፣ በእጄ አስረክበውኛል። አደራ ተቀባይ ነኝ። ከእናቴ ቤት አደራን እንዴት እንደምጠብቅ ተምሬ ነው የመጣሁት።»

ድምፄ ራሴን አስገረመኝ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «እሰይ» ስትል ሰማሁ። በእኛ አገር አደራ ያለ ሰው ከዚያ በላይ የሚለው የለውም፤ ቃሉ ራሱ ይከላከልልሃል። እኔም ጋሻ አነሣሁ ብዬ ነበር።

ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ። ወጣት ነው፣ ኮቱ ንጹሕ፣ ጠባዩም ትሑት። «ክቡራን ዳኞች፣ የሰማነው ማስረጃ የስርቆትን ክስ አይደግፍም። ይህች ሴት ሌባ አይደለችም» አለ።

እልል ልል አፌን ከፈትሁ።

«ስለዚህ ክሱ እንዲለወጥልኝ አመለክታለሁ። ተከሳሿ በአደራ የተቀበለችውን ንብረት ወራሹ ሲጠይቃት አልመልስም ብላ እምነት አጉድላለች። አዲስ ምስክር አያስፈልገኝም። በአደራ መቀበሏን ራሷ አምናለች፤ ምስክሯም አረጋግጦልናል። ከወራሹ ሦስት ጊዜ ተጠይቃ አለመስጠቷንም ሰምተናል።»

አፌ እንደተከፈተ ቀረ።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ነገር እንዴት አድርጌ ላስረዳችሁ? ውሾች ሲያባርሩህ ሮጠህ ከአንድ ቤት ትገባለህ፣ በሩን በገዛ እጅህ ትዘጋለህ፣ ዞር ስትል ነብሩ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ከስርቆቱ ያወጣኝ ቃል ሁሉ ወደ አዲሱ ክስ የሚያስገባኝ ሆነ። «አልተቀበልሁም» እንዳልል አሁን ጮኼ ተቀበልሁ ብያለሁ። «ለቤተ ክርስቲያን ነው» እንዳልል ምያለሁ፤ ንግሡ ደግሞ እሑድ ነው። ምስክሬን አየኋቸው። ባርኔጣቸውን ጨምድደውታል።

«ምን አለ?» አሉኝ በሹክሹክታ። «የኔ ቃል ነው አንቺን ያሰረው?»

ሙዳዬን ወደ ደረቴ አስጠጋሁ።

ዐቃቤ ሕጉ ቀጠለ። «ነገሩን ማክረር አንፈልግም። ድሪውን ታምጣ፤ ለወራሹ ትስጥ፤ ክሱን አንገፋበትም። ዛሬውኑ ቤቷ ታድራለች።»

አቶ ጌታሁን ወደ ፊት ዘንበል አለ። መካከለኛው ዳኛ መነጽራቸውን አወለቁ። «የሺእመቤት፣ ድሪው በእጅሽ ነው?»

በእጄ ነበር። ከመዳፌ በታች ክዳኑ አለ፣ ከክዳኑ በታች ጥጡ አለ፣ ከጥጡ በታች ልቃቂቱ። የለም ብል ውሸት ነው፤ አለ ብል አደራው አበቃ። ሙዳዩን ጠበቅ ሳደርገው በውስጡ እንዝርቱ ሲንኳኳ ይሰማኛል። ሰው ሁሉ የሚሰማው መሰለኝ። በልቤ «እመቤቴ፣ አፌን ያዢልኝ» አልሁና ዝም አልሁ።

የግራው ዳኛ ሰዓቱን አየ። «ዝም ብላለች። ዝምታዋን እንደ ማመን እንቁጠረውና እንጨርስ። ሌላ መዝገብ አለብን።»

«አይቆጠርም» አሉ መካከለኛው ዳኛ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ጠዋት የመለሰችው ለስርቆት ነው። የጠየቀችውም ምስክር ለስርቆት ያስፈለጋትን ብቻ ነው። ለአንዱ ክስ የተናገረችውን ወስደን በሌላው ብናስራት፣ ሳንጠይቃት ፈረድንባት ማለት ነው።»

«ክስ መለወጥ እኮ በሕጉ ተፈቅዷል።»

«ተፈቅዷል። ሲለወጥ እንደገና መጠየቅም ታዟል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና ልክ ለልጅ እንደሚያስረዱ ቀስ ብለው ተናገሩ። «ልጄ፣ ስሚኝ። ከአሁን ጀምሮ ስለ ስርቆት አንጠይቅሽም። የምንጠይቅሽ፣ በአደራ የተቀበልሽውን ለምን አልሰጠሽም ብለን ነው። ለዚህ የምታስቢበት ጊዜ መጠየቅ ትችያለሽ። ምስክርሽንም መልሰሽ ጠርተሽ፣ ጠዋት ያልጠየቅሽውን መጠየቅ ትችያለሽ። ትፈልጊያለሽ?»

«እፈልጋለሁ ጌታዬ።»

«ማክሰኞ ይሁን። እስከዚያ ዋስ አለሽ?»

ዋስ! እሑድ በመካከል አለ። ዋስ ከሌለኝ ንግሡ የሚያገኘኝ እስር ቤት ነው።

«የለኝም ጌታዬ። አገሬ ሩቅ ነው። ጎጃም።»

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ «ዋሷ አባይን ተሻግሮ እስኪመጣ ትፈትል» አለ፣ ጥቂት ሰዎችም ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ ኦቦ ቱሉ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«እኔ አለሁ። በሬዎቼን አስይዛለሁ።»

አቶ ጌታሁን ዞር ብሎ አያቸው። «ቱሉ! የምታርሰው የማንን መሬት እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ ጌታው። መሬቱ የእርስዎ ነው። በሬዎቹ የኔ ናቸው።»

ዳኛው ዋስትናውን ተቀበሉ። ከመሄዴ በፊት ግን ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «ድሪው የት እንዳለ ዛሬ አልጠይቅሽም። ያለበት ቦታ ግን ይቆይ። እስከ ማክሰኞ ድረስ ለማንም ተላልፎ ቢገኝ የዋስሽም በሬዎች ይሄዳሉ፣ አንቺም ትታሰሪያለሽ።»

ከእስር ወጣሁ ልበል? አስፋልቱ ላይ ቆሜ ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ የተሰማኝ ከጣቢያው ይልቅ የጠበበ ነገር ነው። እሑድ ድሪውን ካላገባሁ መሐላዬ ይፈርሳል። ካገባሁት የሽማግሌው በሬዎች ይወሰዳሉ።

ክፍሌን አቶ ጌታሁን አሽጎት ስለነበር ኦቦ ቱሉ ቤታቸው ወሰዱኝ። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ወተት ሰጡኝ፣ ስለ ክሱ ምንም አልጠየቁኝም። ኦቦ ቱሉም አልጠየቁኝም። ጠዋት በሬዎቹን ሲያወጡ፣ አንዱን በጆሮው ይዘው «አንተ ዋስ፣ ሳር ብላ፤ ማክሰኞ ፍርድ ቤት አለብህ» ሲሉት ሰማሁ። ሳቄ መጣ፣ ግን አልወጣልኝም። እኔ ሙዳዬን አቅፌ እውላለሁ። ልነግራቸው እፈልጋለሁ፤ መሐላው አፌን ይይዘኛል። ሊነግሩኝ የሚፈልጉት ነገር እንዳለ እሳቸውም ይመስላሉ፤ አፋቸውን ከፍተው ስለ ድርቁ ያወራሉ።

እሑድ ደረሰ። ታቦቷ ስትወጣ ኮረብታው በነጭ ልብስ ተሸፈነ። ስለት ያላቸው ይሰለፋሉ፤ ዣንጥላ፣ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ ሻማ። አንድ ዲያቆን የሰጪውን ስም እየጠራ ያሰማል፣ ሕዝቡም እልል ይላል። እኔ ልቃቂቱን በነጠላዬ ሥር ይዤ ቆሜያለሁ። እግሬ በራሱ ጊዜ ወደ ሰልፉ ሄደ። ከፊቴ አንዲት ሴት ሐር ጥለት አስረክባ እያለቀሰች ተመለሰች። ቀጥሎ እኔ ነኝ። እጄን ዘረጋሁ። ያኔ በሕዝቡ መካከል የኦቦ ቱሉን ባርኔጣ አየሁት፤ ደረታቸው ላይ ይዘውት ቆመዋል። እጄን መለስሁና ከሰልፉ ወጣሁ።

ታቦቷ ገባች። ሰዉ መበተን ጀመረ። አንድ የጽድ ዛፍ ሥር ተቀምጬ፣ ሰው ይየኝ አይየኝ ሳልል አለቀስሁ። እትዬ አስካለ ስለታቸውን እኔ ላይ ጥለው ሄደዋል፤ ቀኑም በፊቴ አልፏል።

ኦቦ ቱሉ መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ። ፀሐዩን አዩ። «አለቀ ማለት ነው?»

«ምኑ?»

«ቀኑ።»

«የምን ቀን ኦቦ ቱሉ?»

«እትዬ ያሉት ቀን ነዋ።»

እንባዬን ሳልጠርግ ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ሆስፒታል ስናደርሳቸው አቶ ጌታሁን ሐኪሙን ሊያነጋግር ገባ» አሉ። «እኔና እትዬ አግዳሚው ላይ ቀረን። 'ድሪው የኪዳነ ምሕረት ነው፣ በንግሡ ቀን የሺ ታገባዋለች። አደራ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ያያል። አንተ እይልኝ። እስከ ንግሡ ቀን ግን ለማንም አትናገር፤ ለእሷም ጭምር' አሉኝ። ማልሁላቸው።»

«ታዲያ ሐሙስ ዕለት ይህን ሁሉ እያወቁ…»

«ጠየቁኝ እኮ። 'ሌላ የምታውቀው አለ?' አሉኝ። ዛሬ የለም አልኋቸው።»

በንግሥ ቀን፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅሁ። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው አዩኝ፣ ከዚያ እሳቸውም ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። መሐላችን «እስከ ንግሡ ቀን» ነበር። ያን ያህል የፈራሁት ቀን ሲያልፍ የሁለታችንንም አፍ ፈትቶት ሄደ። ሐሙስ ዕለት ዳኛው ቸኩለው ቢፈርዱ ኖሮ፣ ይህ ቀን ሳያልፍ እኔ ወህኒ ነበርሁ፣ ኦቦ ቱሉም ቃላቸውን እንደያዙ እርሻቸው ላይ።

ማክሰኞ አዲሱ ክስ ተነበበልኝ። «አልፈጸምሁም» አልሁ፣ ምክንያቱንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገርሁ። መካከለኛው ዳኛ እኔን ከሰሙ በኋላ ወደ ውጭ አስወጡኝና ኦቦ ቱሉን ለብቻ ጠየቁ። ተመልሼ ስገባ ዐቃቤ ሕጉ ቆሟል።

«ሐሙስ ዕለት 'የለም' ያልኸውን ዛሬ ከየት አመጣኸው?»

«ሐሙስ 'የለም' አላልሁም ጌታው። 'ዛሬ የለም' ነው ያልሁት። ዛሬ አለ።»

በዚህ ጊዜ የሳቀ ሰው የለም። ጸሐፊው መዝገቡን ገለጥ አድርጎ ለዳኞቹ አሳየ፤ ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። «የሁለቱ ቃል አንድ ነው» አሉ። «አሁን ልጠይቅሽ፣ ልጄ። ድሪው የት ነው?»

ወደ ጠረጴዛው ቀርቤ ልቃቂቱን አወጣሁ። ጫፉን ፈልጌ መፍታት ጀመርሁ። ክሩ ረጅም ነው፤ እጄ ላይ እየጠቀለልሁ፣ ኳሱ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ። ሰዓቱን የሚያየው ዳኛ እንኳ ሰዓቱን ረሳ። ያ ልቃቂቱን በጫማው የገፋው ፖሊስ አንገቱን ደፋ። በመጨረሻ ወርቁ ጠረጴዛው ላይ ቅጭልጭል ብሎ ወደቀ።

አቶ ጌታሁን ወደ ድሪው መጣ። አልነካውም። «ልጅ ሆኜ ሲያቅፉኝ ግንባሬ ላይ ያርፍ ነበር» አለና ፊቱን በመሐረብ ሸፈነ። ያን ጊዜ አዘንሁለት፤ አሁንም አዝንለታለሁ። ለእሱ የወርቅ ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

ዳኞቹ ተመካከሩና ነፃ ነሽ አሉኝ። ለራሷ ጥቅም ለማስቀረት አላሰበችም፣ የሰጪዋን ቃል ነው የጠበቀችው ተባለ። ወራሹ በድሪው ላይ የሚከራከረው ካለ በሌላ መንገድ ይከራከር ተባለ። አቶ ጌታሁን አልተከራከረም፤ የስለት ዕቃ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ነጠቀ መባልን የሚደፍር አልነበረም።

በማግሥቱ ድሪውን አስገባሁ። ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው፣ ግቢው ጭር ብሏል። ዲያቆን ስም አልጠራም። አንድ ቄስና ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ እልልታውን እኔው ራሴ በቀስታ አልሁት። ቄሱ ቀኑ ስላለፈ እንዳልጨነቅ፣ እመቤታችን ያቆየኝን እንደምታውቅ ነገሩኝ። አምኛቸዋለሁ። ሆኖም በየዓመቱ ንግሡ ሲደርስ ያቺ የመለስኋት እጄ ትቀዘቅዝብኛለች።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ ብዬ ነበር። የእኔን ሐሳብ ደግሞ ልንገራችሁ። ብዙ ሰው ይህን ስነግረው ዐቃቤ ሕጉን ይረግምልኛል። እኔ አልረግመውም። ሌባ አለመሆኔን ሲያይ ሌባ አይደለችም ብሏል፤ ያን ሳይል በስርቆት እንዲፈረድብኝ ሊታገል ይችል ነበር። የተሳሳተ ክስ መታረሙ ክፉ አይደለም። የሚያስፈራው ክሱ ተለውጦ ተከሳሿ እዚያው በቆመችበት መቅረቷ ነው። እኔ ስለ አንድ ነገር ተጠይቄ፣ ለዚያው የሚሆነውን ቃል መርጬ፣ ምስክሬንም ለዚያው የሚሆነውን ብቻ ጠይቄ ቆሜ ነበር። ጥያቄውን ቀይረው መልሴን ሳይቀይሩ ቢወስዱት፣ በእውነት ቃሌ እውነት ያልሆነ ፍርድ ይፈረድብኝ ነበር። የተረፍሁት «ክስሽ ተለውጧል፤ እንደገና እንስማሽ» በምትለዋ አንዲት ንግግር ነው።

ያ ሐሙስ ጠባዬን ለውጦታል። ዛሬ በማኅበርም ሆነ በጎረቤት ጠብ ሽምግልና ስቀመጥ ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ አያለሁ። ሴትየዋ «ተሳድባለች» ተብላ ትመጣለች፤ አለመሳደቧን ስታስረዳ «ታዲያ ለምን ዝም ብለሽ አየሽ?» ይሏታል። ያን ጊዜ እጄን አነሣለሁ። «ቆይ፣ ጥያቄው ተለወጠ። እንግዲያው ትቀመጥ፣ ውሃም ትጠጣ፣ እንደገና እንጠይቃት» እላለሁ። የሺ ነገር ታራዝማለች ይሉኛል። ይበሉኝ።

የኦቦ ቱሉ ነገር ግን እስካሁን ይከነክነኛል። አዝመራው እንደተሰበሰበ አቶ ጌታሁን መሬቱን ለሌላ ሰጠው። የሚከለክለው አልነበረም፤ ጭሰኛ ናቸው። ኦቦ ቱሉና አዴ ጫልቱ ዕቃቸውን ጭነው፣ ዋስ የሆኑልኝን በሬዎች እየነዱ፣ ተጂ ወዳሉት የአዴ ጫልቱ ወንድሞች ሄዱ። በጅማ መንገድ ዳር ቆሜ ሸኘኋቸው። «ነገቲ፣ ደኅና ሁኚ» አሉኝና በሬዎቹን ነዱ።

ድሪውን የደበቀውን ያን ክር አልሸጥሁትም። በሌላ በሌላ ልቃቂት ላይ ጨምሬ ለሸማኔ ሰጠሁትና ጋቢ አሠራሁ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ከንግሡ በኋላ፣ አውቶቡስ ተሳፍሬ ተጂ ወረድሁ። ኦቦ ቱሉ ከሰው በተጠጉት መሬት ላይ ሲያርሱ አገኘኋቸው። ከስተዋል። ጋቢውን አለበስኋቸው፤ ጨርቁን በጣታቸው አሹት።

«ይሄ ነው ፍርድ ቤት የቆመው ጥጥ?»

«እሱ ነው።»

«ገለቶሚ፣ ልጄ» ብለው አመሰገኑኝና ጫፉን ወደ ትከሻቸው ጣሉት።

አንድ ዓመት ሙሉ በልቤ የተሸከምሁትን ጥያቄ ያን ጊዜ አወጣሁት። «ኦቦ ቱሉ፣ በእኔ ምክንያት መሬቱን አጡ። ቅሬታ ካለዎት ይንገሩኝ፤ አልቀየምም።»

ከበሬዎቹ አንዱን በጆሮው ያዙት። ወደ ሰበታ በኩል አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ።

«ዛሬ የለም» አሉ።